ስምንተኛው ቀለበት

ሰኔ 3 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁኔታው እንዲህ ነበር። መጋዘኑ ርዝመቱ አሥራ አራት ሜትር፣ ወርዱ ስድስት ሜትር ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። ከባሮ ዳር ሰማንያ ሜትር ያህል ይርቃል። በወንዙ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጫፉ በሲሚንቶ የተቀበረ ብረት ተጋድሟል። ብረቱ ላይ ስምንት ቀለበቶች ተበይደዋል። ከአንዱ ቀለበት እስከ ሌላው አንድ ሜትር ከአርባ ነው፤ በስንዝሬ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። በእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ሰው በቀኝ እግሩ ታስሯል። ስምንታችንም ጤነኞች ነበርን። ገና ማንም አልተመታም።

ያሰረን ሰው ከፈረሰው ጦር የቀረ አሥር አለቃ ነው። አሸብር ይባላል። ጠመንጃ የያዙ ስድስት ሰዎች አሉት። ስማችንን አልጠየቀንም፤ ከበሩ ጀምሮ ቆጠረን። አንደኛው ጤና ረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ገበሬዎች ናቸው። አምስተኛው እኔ ነኝ። ትንሣኤ እባላለሁ፤ የባሮን ከፍታ ጠዋትና ማታ አንብቤ መዝገብ ላይ መጻፍ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ነው። ስድስተኛው የጀልባው ባለቤት ኦቹዶ ነው፤ ሰባተኛው የወንጌል ሰባኪው አጁሉ። በወዲያኛው ጫፍ ስምንተኛው ሆት ነው። ሆት የማታር ከተማ ነጋዴ ነው፤ ጨውና ጨርቅ ያመላልሳል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ለመሙላት አምስት ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል።

በዚያው ቀን ጠዋት በኦቹዶ ጀልባ ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ ስንወርድ ከዳር ሆነው ተኮሱብን። ኦቹዶ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ሁለት ብሎን ፈታና ሞተሩን ውኃ ውስጥ ለቀቀው። ከአባቱ የተማረው ነው፤ ሽፍታ ሲመጣ ሞተሩን ታሰጥማለህ፣ ቦታውን በዛፍ ምልክት ትይዛለህ፣ በጋ ሲገባ ጠልቀህ ታወጣለህ።

"ሞተሩስ?" አለ አሸብር፣ ዳር ስንደርስ።

"ውኃ ውስጥ" አለ ኦቹዶ።

"ሞተር ውኃ ውስጥ የሚጥል ሰው አለ?"

"አለ። እኔ።"

አሸብር ሳቀ። ከዚያ ስምንታችንን ለየብቻ ጠየቀን። ስምንታችንም አንድ ዓይነት መልስ ሰጠን። እውነቱ አንድ ስለሆነ መልሱም አንድ ሆነ፤ እሱ ግን ተመካክረን የደበቅነው መሰለው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጤና ረዳቱ ውኃ ያመጣለትን ጠባቂ በጣሳው ፊቱን መታው። የጠባቂው አፍንጫ ደማ። አሸብር ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ አለንጋ ይዞ መጣ። ጤና ረዳቱን በሆዱ አስተኝቶ ሃያ ገረፈው። ከስድስተኛው ጀምሮ ሸሚዙ ተቀደደ፤ ከአሥረኛው ጀምሮ ቆዳው። ሲጨርስ አለንጋውን በሣር ጠርጎ ተናገረ።

"ከእንግዲህ እኔ ማንንም አልመርጥም። መርጬ ከመታሁ ደሙ በእኔ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ኖሬያለሁ፤ ደም ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። የሚመርጠው ሕግ ነው። አጠገቡ ያለ ሰው ሲገረፍ ጩኸቱን ሰምቶ፣ ሞተሩ ያለበትን ሳይናገር ያደረ፣ በማግስቱ ይገረፋል። ከግራም ከቀኝም ጩኸት የሰማ ግን ቅጣቱን በጆሮው ተቀብሏል፤ ይታለፋል። አጠገቡ ማንም ያልጮኸ ሰው አይነካም። ገባችሁ?"

"አጠገብ ማለት?" አልኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ መለኪያው ሳይታወቅ አልጽፍም።

"ቀጥሎ ያለው ቀለበት ነዋ! ሌላ ምን አጠገብ አለ?"

ይህ የመጀመሪያው ቀን ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ተገረፈ። በሦስተኛው ቀን አንደኛውና ሦስተኛው። በአራተኛው ቀን ሁለተኛው ከግራም ከቀኝም ስለሰማ ታለፈ፤ የተመታው አራተኛው ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን ከሦስተኛው ጋር እኔ ተመታሁ። የጉማሬ አለንጋ መጀመሪያ አያምም፤ ቀዝቃዛ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ሁለተኛው ምት ሲያርፍ ነው፣ ከዚያ በኋላ በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ልዩነት የለም። አሥራ አራት ድረስ ቆጠርኩ። የቀሩትን ስድስት የቆጠረልኝ ኦቹዶ ነው።

በስድስተኛው ቀን ሁለተኛውና ኦቹዶ ነበሩ። ኦቹዶ አልጮኽም አለ። አንገቱን አቀርቅሮ ብረቱን ነከሰ። አሸብር ሲመታ ቆይቶ አለንጋውን አወረደ።

"ስንት ሆነ?" አለ ወደ ጠባቂው።

"አሥራ አንድ።"

"ዜሮ ነው። ያልጮኸ አልተገረፈም። ሃያው መቆጠር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጩኸት ነው።"

ከዚያ በኋላ የመታው ጀርባውን ሳይሆን ጎኑን ነበር፣ ከጎድን አጥንቱ በታች። ኦቹዶ ጮኸ። አሸብር "አንድ" አለ።

በሰባተኛው ቀን አራት ሰው ተገረፈ፤ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ እኔና አጁሉ። በዚህ ምክንያት በስምንተኛው ቀን ሁለተኛው፣ አራተኛውና ኦቹዶ በሁለት ጆሯቸው ሰምተው ታለፉ። ጩኸት በአንድ ጎኑ ብቻ የሰማ አንድ ሰው ቀረ። ሆት።

ሆት አለንጋው ሳያርፍበት ጮኸ። ቆርቆሮው ተርገበገበ። አሸብር ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ገና አልመታሁህም!"

"ጀምር፣ ጀምር! ቁጠር!" አለ ሆት።

ሃያውንም እንዲህ እየጮኸ ጨረሰ። ጠባቂዎቹ ሲወጡ ጀርባው እየደማ ሳቀ።

"ማታር ያለች እናቴ ሰምታለች" አለ። "ኦቹዶ፣ አንተ ግን ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው? ዓሣ ነህ እንዴ?"

"አንተ ከብት ነህ" አለ ኦቹዶ። "ከብት ሳይመቱት ይጮኻል።"

"ከብት ይጮኻል፣ ይኖራል። ዓሣ ዝም ይላል፣ ይጠበሳል።"

ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን። አጁሉ እንኳ ሳቀ። በማግስቱ ግን ዱላው ከሆት ተመልሶ አጁሉ ላይ መጣ፤ ከዚያም ወደ ውስጥ፣ ወደ እኛ። ቀን የምንበላው የበቆሎ ንፍሮ ነበር። ፊቴ ባለው አፈር ላይ ስምንት ጉድጓድ በጣቴ ቆፈርኩ። የተገረፈ ሰው ባለበት አንድ ፍሬ አኖራለሁ፣ ያልተገረፈው ባዶ ይሆናል። ከዚያ የአሸብርን ሕግ ተከትዬ ነገን አስቀምጣለሁ። ወንዝን ለአሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዛሬን በትክክል የያዘ ሰው ነገን በከፊል እንደያዘ ነው። እዚህ ግን በከፊል አልነበረም። ዝናብ የለበትም፣ ደለል የለበትም። ነገ ከነሙሉነቱ ፍሬዎቹ ውስጥ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ኦቹዶና ሆት ተገረፉ። ለኦቹዶ አራተኛው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽንቱ ደም ሆነ። ጤና ረዳቱ በሦስት ሰው አሻግሮ ጠየቀኝ።

"ቀለሙን ንገረኝ።"

"እንደ ቀይ ሻይ።"

"እግሩስ አብጧል?"

"በጣቴ ስጫን ጉድጓዱ ሃያ እስክቆጥር አልሞላም።"

ጤና ረዳቱ "ኩላሊቱ ነው" አለ። "አንድ ጊዜ ይችል ይሆናል። ሁለት ጊዜ እንጃ። አራት ጊዜ አይችልም።"

ጉድጓዶቼን አየሁ። ቀጣዩ ቀን የሚያሳየው አንድ ፍሬ ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። በማግስቱ አሸብር ገባ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ በጣቱ ቆጠረና ጤና ረዳቱ ፊት ቆመ።

"ዞረ!" አለ እየሳቀ። "እንደ አዲስ ጀመረ!"

ሁላችንም ገባን። በየአሥራ አራት ቀኑ ይዞራል፤ ካላስቆሙት ለዘላለም ይዞራል። በአንድ ዙር ሃያ ስድስት ጊዜ ሰው ይገረፋል፤ የኦቹዶ ድርሻ አራት ነው። ቀኖቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሃያኛው፣ ሃያ አራተኛው፣ ሃያ ስድስተኛው፣ ሃያ ስምንተኛው። በሃያ ስምንተኛው ቀን ኦቹዶ አይኖርም ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ አራተኛው ከተገረፈ በኋላ፣ የቀረኝ አንድ ሙከራ ነበር። አንዱን ጉድጓድ ደፍኜ፣ ያ ሰው እንደሌለ አድርጌ ፍሬዎቹን ማስኬድ ጀመርኩ። ከመካከል ስደፍን ብረቱ ለሁለት ይከፈልና ወይ በዚህ ወይ በዚያ ወገን ዱላው ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ስደፍን ይቆማል፤ ኦቹዶ ግን ሁለት ጊዜ ይመታል። ስምንተኛውን ስደፍን ኦቹዶ በሃያኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን ጉድጓዶቹ በሙሉ ባዶ ይሆናሉ። ተመልሰው አይሞሉም። አምስት ጊዜ ደገምኩት።

"ሜትር" አለ ሆት። እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ንፍሮውን አትበላም፣ ትጫወትበታለህ። ምን አገኘህ?"

ጠባቂዎቹ ምሳ ላይ ነበሩ። መናገር አልነበረብኝም ብዬ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ግን የተጠየቅኩት የለካሁትን ነው፤ የለካሁትን ደብቄ አላውቅም።

"በሃያ ሁለተኛው ቀን የሚገረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው" አልኩ። "አንተ ነህ። ዱላው ሁሉ በዚያ ቀን ባንተ በኩል ነው የሚመለሰው። ያን ቀን አንተ ካልተገረፍክ በሃያ ሦስተኛው ቀን የሚገረፍ የለም። ከዚያም በኋላ የለም።"

"በሩ እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ አሸብርን እንለምነው፣ አንድ ቀን ይለፈኝ።"

ለመንነው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጤና ረዳቱ ለሁላችን ተናገረ፣ ኦቹዶ እየሞተ ነው አለ። አሸብር የኦቹዶን እግር በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ አየ።

"ቢሞት እኔ አይደለሁም የገደልኩት" አለ። "ሕጉን ሁላችሁም ሰምታችኋል።"

በሃያኛው ቀን ኦቹዶ ተገረፈ። ወዲያው ጮኸ፣ እንደ መከርነው። ከሃያው በኋላ አልተነሣም። ወደ ጎን ሳዞረው ከአፉ አረፋ ወጣ። እስከ ማታ ድረስ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን ስቆጥር ዋልኩ። በሃያ አንደኛው ቀን እኔና ሌሎች ሦስት ተገረፍን። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሆት እንደገና ጠራኝ።

"ሜትር። ሞተሩን አሳይሃለሁ ብዬ ከዚህ ብወጣስ?"

"ሞተሩ ውኃ ውስጥ ነው" አለ አጁሉ። "ትዋሻለህ?"

"ፓስተር፣ ለሽፍታ ነው የምዋሸው።"

"ይገድልሃል" አልኩት።

"ሊገድለኝ ይችላል። ውኃውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ስንት ነው?"

በቆርቆሮው ሽንቁር፣ ወንዙ ዳር የቆመ አንድ የጀልባ ማሰሪያ ምሰሶ ይታየኛል። በየቀኑ እለካው ነበር። "ከገባን ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ዋና የሚያውቅ ሰው ከገባበት ሊወጣ ይችላል። ግን የሚያስቸግረው ሌላ ነው" አልኩ። "ሕጉ የሚለው ጩኸት የሰማ ነው። ውጭ ወስዶ ቢመታህ፣ ብትጮህ፣ አጁሉ ይሰማል። ሰማንያ ሜትር ነው። ያኔ በማግስቱ አጁሉ ይገረፋል፣ ከአጁሉ ወደ ኦቹዶ ይሄዳል።"

"አጁሉ አልሰማሁም ይበላ።"

አጁሉ ራሱን ያዘ። "ሆት ወንድሜ" አለ በመጨረሻ፣ "ከሰማሁ ሰማሁ ነው የምለው። እግዚአብሔር ያውቀኛል፣ ሌላ ማለት አልችልም።"

ሆት አልተቆጣም። "አውቃለሁ" አለ። "አሸብርም ያውቃል። ለዚህ ነው የሚያምንህ። እንግዲያው አልጮኽም።"

ኦቹዶ ዓይኑን ሳይከፍት ተናገረ። ትናንት ከጮኸ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም ነበር። "አንተ? ከብቱ?"

"እኔ።"

"ተው ሆት። ለእኔ ብለህ አትሙት።"

"ላንተ ነው ያለህ ማነው? ነገ ተራው የእኔ ነው። ለጀርባዬ ነው። አንተ ዓሣህን አስብ።"

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 24፣ ሦስት ሰዓት ላይ አሸብር አለንጋውን ይዞ ወደ ጫፍ ሄደ። ሆት ተነሥቶ ቆመ።

"ሞተሩን አሳይሃለሁ" አለ። "ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ነው የቀበርኩት።"

ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እውነቱን ስንነግረው ያላመነ ሰው ይህን ወዲያው አመነ። አለንጋውን ብረቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ጠመንጃውን አነሣ፣ ሁለት ጠባቂ አስከተለ። ሆት ቀለበቱ ሲፈታለት እግሩን አሻሸ። በእኔ አጠገብ ሲያልፍ አልቆመም፤ ወደ ጉድጓዶቼ ብቻ አየ።

ከዚያ ጠበቅን። የወንዝ ፍጥነት ስለካ እንጨት ጥዬ ሰዓት ሳላይ ሰከንድ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሬ ከሰዓት ጋር በደቂቃ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይለያይም። ስምንት ደቂቃ የቁፋሮ ድምፅ ሰማን። ከዚያ የአሸብር ድምፅ፣ ከዚያ የሆት። ቃሉ ተሰማ። "ውኃ ውስጥ ነው። ብለንህ ነበር።"

አንድ ተኩስ። መቁጠር ጀመርኩ።

አጁሉ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ጆሮውን አልያዘም። ሊይዝ ይችል ነበር። ሁለተኛ ተኩስ። አሸብር "ጩህ!" ሲል ሰማን። "አንተ የምትጮኸው፣ ጩህ እንጂ!" ሦስተኛ። ገበሬዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አራተኛ። በየተኩሱ መካከል ሰው ሊጮኽበት የሚችል በቂ ጊዜ ነበር፤ አሸብር ያን ጊዜ እየሰጠው ነበር። የወፎቹ ጩኸት ተሰማ፣ የውኃው ድምፅ ተሰማ። አምስተኛው ተኩስ መጣ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ውኃ ውስጥ ወደቀ።

አሸብር ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። በቀጥታ ወደ አጁሉ ሄደ። አለንጋውን ከብረቱ ላይ አነሣ።

"ሰምተሃል" አለ።

"ተኩስ ሰምቻለሁ" አለ አጁሉ። "አምስት። ያንተንም ድምፅ ሰምቻለሁ።"

"የእሱን ጩኸትስ?"

"አልሰማሁም።"

"ትዋሻለህ!"

"አልዋሽም። ብሰማ እነግርህ ነበር።"

አሸብር አለንጋውን አነሣ። ጠባቂዎቹ ከበሩ ላይ ያዩታል። አንደኛው ጠባቂ፣ አፍንጫው በጣሳ የተመታው፣ ቀስ ብሎ "አሥር አለቃ፣ እኛም አልሰማንም" አለ። አለንጋው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ወረደ። አጁሉን መምታት ማለት አጁሉን መምረጥ ማለት ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው አየን፤ ትናንት የጮኸ የለም፣ ጩኸት የሰማ የለም። ባዶውን ቀለበት አየና ወጣ። በሃያ አራተኛው ቀን የኦቹዶ ተራ ይሆን ነበር። አሸብር ፊቱ ቆሞ ቆየ። ኦቹዶ ዓይኑን ገልጦ አየው። ከዚያ ወደ ጤና ረዳቱ ሄዶ ጣሳውን በእግሩ ወደ እሱ ገፋለት፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ጠባቂ መትቶ እንደገና እንዲጀምርለት መሆኑ ገብቶናል። ጤና ረዳቱ ጣሳውን አልነካውም። ጥማቱን ይዞ ዋለ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ሁለት ጠባቂዎች ጠፉ። የተገደለው ሰው ዘመድ እንዳለው፣ ያንን ደም ሕጉ እንዳልወሰደው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሰምተናል። በሃያ ስምንተኛው ሌሎች ሦስት ሄዱ። በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ሐምሌ 3፣ ስንነቃ ማንም አልነበረም፤ ቁልፉ በሩ ሥር ወድቋል። አፍንጫው የተመታው ይሆናል የጣለው፣ አላውቅም።

ኦቹዶን በበሩ ሳንቃ ላይ ተሸክመን በሁለት ቀን ጋምቤላ ገባን። በሚዛን አርባ አራት ኪሎ ሆነ። ከሰኔ 3 ጀምሮ የቆጠርኩለት አንድ መቶ አሥራ አንድ አለንጋ ነው፣ ሳይጮኽ የተመታውን አሥራ አንድ ጨምሮ። በሁለተኛው ሳምንት ሽንቱ ጠራ። ጥቅምት ላይ ጠልቆ ሞተሩን አወጣ፤ ምልክት ካደረገበት ዛፍ ትይዩ፣ ልክ ባለበት ቦታ ነበር።

የሆትን ሬሳ ዓሣ አጥማጆች ከመጋዘኑ ስድስት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቀርከሃ ወጥመዳቸው ጋር ተጠላልፎ አገኙት። ካዩት ሰዎች አንዱን ጠይቄ ጻፍኩ። አምስት ጥይት ነበረበት፤ አራቱ ከጉልበቱ በታች፣ አንዱ ደረቱ ላይ። ከመጀመሪያው ተኩስ እስከ አምስተኛው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው።